ስፕሬይ ፎም በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ቤቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጣራ ሙቀትና የዝናብ ጩኸት ያስመረራቸው ባለቤቶች ፎም ከማስረጨታቸው በፊትና በኋላ ደጋግመው የሚጠይቁት፣ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው።

ስፕሬይ ፎም ምንድን ነው? በጣሳ ከሚሸጠው ጋር አንድ ነው?

ሁለቱም ፖሊዩረቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ የሚሸጠው 750 ሚሊ ሊትር ጣሳ አንድ ዓይነት ፈሳሽ የያዘ ነው፤ የሚደርቀውም ከአየሩና ከግድግዳው እርጥበት እየሳበ ነው። ለበርና መስኮት ዙሪያ፣ ቧንቧ ላለፈበት ቀዳዳ፣ ግድግዳና ጣራ ለሚገናኙበት ስንጥቅ ይሆናል። በጣሳ ጣራ እሸፍናለሁ ያለ ሰው ግን ካርቶን ሙሉ ጨርሶም አንድ ክፍል አያዳርስም።

በማሽን የሚረጨው ከሁለት በርሜል ይመጣል። አንደኛው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነው። ሁለተኛው ፖሊዮል ሲሆን ማፋጠኛው፣ ማስነሻ ጋዙና እሳት መከላከያው አብረውት አሉ። ሁለቱ በሊትር እኩል ለእኩል እየተመጠኑ፣ 50 ዲግሪ አካባቢ ሞቀው፣ በረጅም ቱቦ ሄደው የመርጫ ሽጉጡ አፍ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በሰከንዶች ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ የነካውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ይደርቃል። ከዚህ በታች «ፎም» ስንል በማሽን የሚረጨውን ነው።

«ክፍት ሴል» እና «ዝግ ሴል» ይሉኛል። ለእኛ አገር የትኛው ይሻላል?

«ሴል» የሚባለው ፎሙ ውስጥ ያለው ጥቃቅን አረፋ ነው። የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደንገል ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ግን ውሃውን ቀስ በቀስ ይጠጣል። ለዚህ ነው ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ከሐይቁ አውጥቶ ዳር ላይ የሚያደርቀው። ክፍት ሴል ፎም እንደዚያ ነው፤ ለስላሳ፣ ቀላል (አንዱ ሜትር ኩብ 8 ኪሎ ገደማ)፣ ሙቀትን የሚከላከል፣ ነገር ግን ውሃና እንፋሎት የሚያስገባ። ዝግ ሴል ደግሞ አፉ እንደተዘጋ ጀሪካን ነው። አንዱ ሜትር ኩብ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል፣ ጠንካራ ነው፣ ውሃ በቀላሉ አይገባውም፤ በተመሳሳይ ውፍረትም ከክፍት ሴሉ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ሙቀት ይገታል።

ለቆርቆሮ ጣራ ዝግ ሴሉን ይምረጡ። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ባለበት ከተማ ክፍት ሴል ቆርቆሮ ሥር ሲለጠፍ ከቤት ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት አልፎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ቆርቆሮውንም ከውስጥ ያዝገዋል። ክፍት ሴል ቦታው በክፍሎች መካከል ያለ ግድግዳ ነው፤ ለምሳሌ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ የጎረቤት ክፍል ድምፅ እንዲቀንስ።

በእርግጥ ሙቀቱን ይቀንሳል? ስንት ሴንቲ ሜትር ይበቃል?

ይቀንሳል፣ በጣም። ሚያዝያ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ቆርቆሮ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ባዶ ቆርቆሮ ደግሞ ሙቀትን አይገታም፣ ያስተላልፋል እንጂ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝግ ሴል ሲለጠፍበት በጣራው በኩል የሚገባው ሙቀት ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል። 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቅነሳው 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። 7.5 ላይ 94 አካባቢ ነው።

ቁጥሩን ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያዋ 2.5 ሴንቲ ሜትር ትልቁን ሥራ ጨርሳዋለች። ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው፤ «10 አስረጩ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ የሚያስበው ስለ በርሜሉ ነው። በተረፈ ፎሙ የጣራውን ሙቀት ብቻ ነው የሚያቆመው። በምዕራብ በኩል ጥላ የሌለው ሰፊ መስታወት ካለ ፀሐይዋ በዚያ ትገባለች፣ ከዚያም ፎሙ ይታማል።

የክረምቱን ዝናብ ድምፅስ?

ያስታግሳል። ፎሙ ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ስለሚጣበቅ እንደ ከበሮ እንዳይንቀጠቀጥ ያደርገዋል። ሐምሌ ላይ በስልክ ማውራት የማይቻልበት ቤት ውስጥ መደማመጥ ይቻላል፤ ጨርሶ ዝም ግን አይልም። ሥሩ ኮርኒስ ካለ ልዩነቱ የበለጠ ይሰማል።

በርና መስኮት ዙሪያ በጣሳ ራሴ ብሠራስ?

ይችላሉ፤ ሥራው ቀላል ነው፣ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። በመጀመሪያ የበሩን ፍሬም በውሃ ልክ አስተካክለው በእንጨት ሽብልቅና በብሎን ያስሩት። ፎም ክፍተት ይሞላል እንጂ በር አይሸከምም። አቧራውን በብሩሽ ይጥረጉ፣ ብሎኬቱን ወይም ልስኑን በውሃ ርጭት አርጠብ ያድርጉት። ይህ በማሽን ከሚረጨው ተቃራኒ ነው፤ የጣሳው ፎም እርጥበት ካላገኘ ውስጡ ሳይደርቅ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። ጣሳውን 30 ጊዜ ያህል በደንብ ይነቅንቁ፣ ገልብጠው ይያዙ፣ ከታች ወደ ላይ እየሄዱ የክፍተቱን ግማሽ ብቻ ይሙሉ። ቀሪውን ራሱ ኩፍ ብሎ ይሞላዋል።

ሙሉውን የሞላ ሰው ፍሬሙን ያጣምማል፣ በሩም አልዘጋ ይላል። ቢያንስ እስከ ማግስቱ የመካከሉን ድጋፍ እንጨት አያንሱ። ትርፉን ከሁለት ሰዓት በኋላ በስለታም ቢላ ይቁረጡ፤ ከዚያ በልስን ወይም በቀለም ይሸፍኑት፣ ፀሐይ ላይ ተጋልጦ ከቀረ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። እጅዎ ላይ የነካ ፎም ሳይደርቅ በአሴቶን የረጠበ ጨርቅ ይለቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ከቆዳው ጋር ቀናት ይኖራል። ጓንት ያድርጉ።

ከፎም ርካሽ አማራጭ የለም?

አለ፤ ለብዙ ቤትም መጀመሪያ መሞከር ያለበት እሱ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት መጀመሪያ ኮርኒስ ይሥራ። ኮርኒሱ ላይ ፋይበር ግላስ ይነጠፍበት፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ሙቅ አየር እንዲወጣ በሁለቱ የጣራ ጫፎች ላይ ወንፊት ያለው መተንፈሻ ይተው። ያረጀ ቆርቆሮ ከሆነ ከላይ ነጭ ቀለም መቀባት ብቻውን ይሰማል። አዲስ አዳራሽ ወይም መጋዘን የሚሠራ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳንድዊች ፓነል (በሁለት ቆርቆሮ መካከል ፎም የያዘ ሰሌዳ) ቢያለብስ ቆርቆሮና ፎም ለየብቻ ከመክፈል ይገላገላል።

ፎም ዋጋውን የሚያወጣው ኮርኒስ ለመሥራት ከፍታ ሲያጥር፣ የብረት ትራሱ (ጣራውን የሚሸከመው ማዕቀፍ) እንዲታይ ሲፈለግ፣ የዝናቡ ድምፅ ሥራ ሲያስቆም (ክፍል፣ ስብሰባ አዳራሽ) ወይም ቅዝቃዜ መያዝ ሲያስፈልግ ነው።

ለቤቴ ስንት ኪሎ ይገባል? ካሬውስ የሚለካው የምኑ ነው?

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ የወለሉን ካሬ ይቆጥራል፣ ረጪው የቆርቆሮውን። 8 በ10 የሆነ ቤት ወለሉ 80 ካሬ ነው። ጣራው 15 ዲግሪ ከተዳፋ 83 ይሆናል። ቆርቆሮው ሞገድ ስላለው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨምራል፤ 93 ካሬ በሉት። በ5 ሴንቲ ሜትር 4.65 ሜትር ኩብ፣ በ35 ኪሎ ሲባዛ 163 ኪሎ ነው። በብናኝ፣ በቆረጣና በቱቦ ውስጥ የሚቀረው 15 በመቶ ሲታከል 187 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ሁለቱ በርሜሎች አንድ ላይ 450 ኪሎ ገደማ ስለሚይዙ አንድ ጥንድ በርሜል እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ይረጭና ትንሽ ይተርፈዋል።

ውል ሲጽፉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ የሚለካው የትኛው ገጽ እንደሆነ፣ ውፍረቱ ከሞገዱ ጫፍ ወይስ ከጎድጓዳው እንደሚለካ፣ ክብደቱ በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሆነ። «5 ሴንቲ ፎም» ብቻ የሚል ውል ውል አይደለም። ክብደቱ ካልተጻፈ 22 ኪሎ የሆነ ለስላሳ ነገር ተረጭቶ «አምስት ነው፣ ለካው» ይባላሉ፤ ሲለኩትም አምስት ነው።

በክረምት ማስረጨት ይቻላል? የቀኑስ የትኛው ሰዓት?

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ባይነኩት ይመረጣል። ፎም የሚጣበቀው በደረቀ ገጽ ላይ ብቻ ነው። አይሶሳያኔቱ ውሃ ካገኘ ከፖሊዮሉ ይልቅ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ጋዝ ይሠራል፤ ከቆርቆሮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰባሪ አረፋ ይፈጥርና ከወራት በኋላ ፎሙ እንደ ልጥ ይላቀቃል። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው።

በበጋም ቢሆን ሰዓት አለው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ የሐይቁ ዳር አየርም እርጥብ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ሥር እጅዎን ቢያሳልፉ ይረጥባል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ወለሉ ደረቅ፣ ቆርቆሮው ግን እርጥብ። የባለሙያው ደንብ የብረቱ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ (የአየሩ እርጥበት ጤዛ ከሚሆንበት ሙቀት) ቢያንስ በ3 ዲግሪ ይብለጥ የሚል ነው። መለኪያ ከሌለ ሶፍት ይዘው በሰሜን በኩል ያለውን ጥላማ የጣራ ክንፍ ይጥረጉ፤ ፀሐይ የመታው ክንፍ ስለደረቀ ሁሉም ደርቋል ማለት አይደለም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ቆርቆሮው ከ50 ዲግሪ ያልፋል፣ ፎሙም ሳይጣበቅ ፈጥኖ ይነሳና ያብጣል። ስለዚህ ሥራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ጣራው ሲቀዘቅዝ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ የሚረጭ ቡድን አንዱን ክንፍ አበላሽቷል ማለት ነው።

ነፋሱም ይታሰብ። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ብናኙን ይዞ የጎረቤት መኪና ላይ ያሳርፈዋል፤ መኪና ላይ የደረቀ ፎም በውሃ አይለቅም። ክፍት ጎኖችን በሸራ ይጋርዱ፣ ጎረቤትንም አስቀድመው ይንገሩ።

ቆርቆሮዬ ያፈሳል። ፎሙ አብሮ አይደፍነውም?

አይደፍነውም። ይደብቀዋል። ውሃው በሚስማሩ ቀዳዳ ገብቶ በፎሙና በቆርቆሮው መካከል መንገድ ያበጅና ሦስት ሜትር ርቆ ሌላ ክፍል ውስጥ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ምንጩን ማግኘት አይቻልም፤ ሞራሌው በስውር ይበሰብሳል፣ ቆርቆሮውም ይዝጋል።

ከመረጨቱ ሁለት ሳምንት በፊት ይህን ይሥሩ። ቀን ላይ በርና መስኮቱን ዘግተው ከጣራው ሥር ይቁሙ፤ ብርሃን እንደ ኮከብ የሚያበራበትን ነጥብ ሁሉ በኖራ ይክበቡ። ከዚያ አንድ ሰው ከላይ በጎማ ውሃ ይልቀቅ፣ ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ፤ ከላይ ከጀመረ ሁሉም ስለሚረጥብ የትኛው እንዳፈሰሰ አይለይም። የላላ ሚስማር ይነቀልና ጎማ ባለው ብሎን ይተካ። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። አዲስ ቆርቆሮ ደግሞ የፋብሪካ ዘይት አለበት፤ በሳሙና ውሃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ጣት ሲነካው የሚበሳ ቆርቆሮ ግን አይጠገን፣ ይቀየር።

ቤቴ የጭቃ ነው። ግድግዳው ላይ ማስረጨት እችላለሁ?

አያስረጩ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ይተነፍሳል፣ ይደርቃል፤ እድሜው በዚህ ነው። በዝግ ሴል ሲታፈን ከመሠረቱ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣና ጭድና ጭቃው ከፎሙ ኋላ ይረግባል፣ ውስጡ ያለውን የባሕር ዛፍ ማገርም ምስጥ ያገኘዋል። ደግሞም ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሙቀትን በማዘግየት ረገድ መጥፎ አይደለም። ገንዘቡን ኮርኒሱ ላይ ያውሉት።

ብሎኬት ግድግዳ ይሆናል፤ አዲስ ልስን ከሆነ 28 ቀን ይጠብቁ። መድረቁን ለማወቅ 40 በ40 ሴንቲ የሆነ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፈው ያሳድሩ፤ ጠዋት ላስቲኩ ሥር ላብ ካለ ግድግዳው ገና ነው።

ለጤና አደገኛ ነው? መቼ እንግባ?

የደረቀው ፎም ችግር የለበትም። ሲረጭ ያለው ግን ቀላል አይደለም። የአይሶሳያኔት ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ አስም ያስነሳል። አንዴ አስም ያስነሳበት ሰው ከዚያ በኋላ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ያንገበግበዋል፣ ሥራውንም መተው ይኖርበታል። የሚረጨው ሰው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚመጣለት ሙሉ የፊት ጭንብል፣ ሙሉ ልብስና ጓንት ያስፈልገዋል። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈ ማስክ አድርጎ የሚረጭ ሠራተኛ ካዩ ሥራውን ያስቁሙ፤ ለኬሚካሉ ወንፊት ነው።

ቤተሰቡ፣ የቤት እንስሳውም ጭምር፣ ርጭቱ ካበቃ በኋላ ለ24 ሰዓት ከቤት ይራቅ፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት። አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ሁለት ሦስት ቀን ቢጨመር አይከፋም። ምግብና ውሃ ያለበት ዕቃ ሁሉ ከመረጨቱ በፊት ይውጣ። ፎሙ ሲቆረጥ የሚነሳው አቧራም ደግ አይደለም፤ እዚያ ላይ ተራ የአቧራ ማስክ ይበቃል።

እሳት ይይዛል? «እሳት አይዘውም» ተብዬ ነበር።

ይይዛል። እሳት መከላከያ የተጨመረበት መሆኑ ክብሪት ሲለኮስበት ቶሎ እንዳይቀጣጠል ያደርገዋል እንጂ ቤት ሲቃጠል አያድነውም። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ አለበት፤ ሰው ከነበልባሉ በፊት በጭሱ ይጎዳል። ስለዚህ ሰው የሚኖርበት ክፍል ውስጥ ፎም ራቁቱን አይተውም፤ 12.5 ሚሊ ሜትር ጅብሰም ቦርድ ወይም በሽቦ ወንፊት ላይ የተለሰነ የሲሚንቶ ልስን ይሸፍነዋል። «ያምራልና ሳይሸፈን ይቅር» የሚለውን የካፌ ባለቤት አይስሙ።

እንጨትና ከሰል የሚነድበት ማድ ቤት ጣራ ላይ ፎም አይረጭ፤ ጭስ ማውጫ ባለበት ዙሪያውን ሮክ ዉል (የማይቃጠል የድንጋይ ሱፍ) ይደረግ። ብየዳ ሁሉ ከፎሙ በፊት ይለቅ። በኋላ «አንዲት ነጥብ ልበይድ» ተብሎ የወደቀች ፍንጣሪ ፎሙ ውስጥ ገብታ ሰዓታት ስትጨስ ቆይታ ሌሊት ልትነሳ ትችላለች።

ሌላም እሳት አለ፤ ከራሱ ከፎሙ የሚነሳ። ሁለቱ ኬሚካሎች ሲዋሃዱ ራሳቸው ይሞቃሉ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሴንቲ በላይ የተጫነ ዝግ ሴል ሙቀቱ መውጫ አጥቶ መሐሉ ይከስላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ደንቡ በስሱ መርጨት፣ ማብረድ፣ መድገም ነው። ከሽጉጥ የተጠረገ ጥራጊ ፎምም በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ ተከምሮ አይቀመጥ፤ ውጭ ተበትኖ ይቀዝቅዝ።

አይጥ፣ ምስጥና ትንኝስ?

ፎም ለማንም ምግብ አይደለም፣ ግን አይጥ ይቆፍረዋል፣ ምስጥም በውስጡ መንገድ ያበጃል፤ ሞቃትና ስውር ስለሆነ ይወዱታል። የግድግዳውና የጣራው መገጣጠሚያ መጀመሪያ በሽቦ ወንፊት ይዘጋ፣ ፎሙ በላዩ ይምጣ። ከመሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ፎም ሳይነካው ይቅር፤ የምስጥ መንገድ በዓይን የሚታየው በዚያች ባዶ ቦታ ነው። ትንኝን በተመለከተ የጣራውን ክፍተት መድፈኑ መግቢያ ያሳጣታል፤ አጎበር ግን አይውረድ፣ በሩ አለና።

የኤሌክትሪክ መስመሬ ጣራው ላይ ነው። ይሸፈን?

ገመዱ በኮንዲዩት (ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ካለ ሊሸፈን ይችላል። ቢሆንም ፎም ውስጥ የተቀበረ ገመድ ሁሉ ሙቀቱን በቀላሉ መልቀቅ ስለማይችል ምጣድ ወይም ውሃ ማሞቂያ የሚሸከም ከሆነ ከልኩ በላይ ይግላል፤ ኤሌክትሪሻኑ ወይ ያውርደው፣ ወይ ወፍራም ይተካበት። መገናኛ ሳጥንና ኮርኒስ ውስጥ የሚገባ አምፖል በፎም አይቀበሩ።

ለዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ይሆናል?

ፎም ያለተቀናቃኝ የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው፤ መጋጠሚያ ስለሌለው። ቆሮሶና አምባዛ በበረዶ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ለሚያሳድር ክፍል ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ዓሣውን እንደ በረዶ ለሚያጠነክር ደግሞ ከ12.5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ግድግዳ፣ ጣራና በር ዙሪያ ሳይቋረጥ አንድ ቆዳ ይሁን። እርጥበት ሁልጊዜ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል፤ አንዲት ያልተረጨች የብረት ማዕዘን ካለች የውጭው እንፋሎት በዚያች ገብቶ በረዶ ይሠራል፣ በረዶውም ፎሙን ከውስጥ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ኮምፕሬሰሩ ሌት ተቀን አልቆም ካለ መጀመሪያ የበሩን ጎማ፣ ቀጥሎ ማዕዘኖቹን ይመልከቱ።

ወለሉ ላይ ተራው 35 ኪሎ ፎም አይሆንም፤ ጋሪና ሳጥን ሲጫነው ይሰረጉዳል። ጫና የሚችል የተጨመቀ ፎም ሰሌዳ ይነጠፍና ኮንክሪት ይፍሰስበት። የውስጡ ገጽ የሚታጠብ ይሁን፤ የዓሣ ቅርፊትና ደም የነካው ባዶ ፎም አይጸዳም።

ጥሩ መረጨቱን በምን አውቃለሁ?

በዓይን፣ በእጅ፣ በሚዛን። ቀለሙ ወጥ ይሁን፣ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትንሽ ጎርበጥ ያለ ይሁን። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ አይሶሳያኔቱ በዝቷል። እንደ ስፖንጅ ሰርጎድ የሚል፣ የሚጣበቅ ከሆነ ፖሊዮሉ በዝቷል። የሁለቱም ሰበብ አንድ ነው፤ ከበርሜሎቹ አንዱ በልኩ አልመጣም፣ ወይ ቱቦው ቀዝቅዟል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሞ ሲመለስ የሚረጨው የመጀመሪያው ፎም ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ ሥራው በራሱ ጄኔሬተር ይሁን፣ ከቆመ በኋላም የመጀመሪያው ካርቶን ላይ ይረጭ። የበርሜሉን ቀን ያንብቡ፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ዕድሜውም አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ያበጠ በርሜል አይቀበሉ።

ውፍረቱን በቀጭን ሽቦ በየ10 ካሬው አንድ ቦታ ይውጉና ይለኩ። ከዚያ ከማይታይ ቦታ 10 በ10 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ አስተካክለው ይቁረጡና ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስደው ያስመዝኑ። 17.5 ግራም ከሆነ 35 ኪሎ ነው። 15 ቢሆን 30 ነው፣ ያልፋል። 11 ግራም ከሆነ የከፈሉት ለአየር ነው። ባለወርቁ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። ቀዳዳውን በጣሳ ይሙሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ረጪዎች የማያስቡት ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ማስነሻ ጋዙ የሚገፋው ስላነሰ ፎሙ የበለጠ ኩፍ ይላል፣ ክብደቱም በፋብሪካው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ያንሳል። ስለዚህ «ወረቀቱ 35 ይላል» መልስ አይደለም። ከሥራው በፊት እዚሁ የተረጨ ናሙና ይመዘን።

ሳምንት አለፈው፣ ቤቱ ግን የዓሣ ሽታ ይሸታል። ለምን?

ሐይቁ አይደለም። ማፋጠኛው አሚን የሚባል ነገር ነው፤ ሽታውም የዓሣ ነው። በትክክል የተረጨ ፎም ቤቱ ከተናፈሰ በሁለት ሦስት ቀን ሽታው ይጠፋል። ከሳምንት በኋላም ካለ፣ በተለይ ቀትር ላይ ጣራው ሲግል የሚብስ ከሆነ፣ ሳይዋሃድ የቀረ ቦታ አለ ማለት ነው። በየክንፉ ቁራጭ እየቆረጡ ያሽትቱ፤ ለስላሳ ወይም መሐሉ የከሰለ ሆኖ የተገኘው ሁሉ እስከ ቆርቆሮው ተፍቆ ይነሳና ይደገም። ላዩ ላይ አዲስ ፎም መርጨት ወይም ቀለም መቀባት ሽታውን ያቆየዋል እንጂ አያስወግደውም። የመጨረሻ ክፍያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

በኋላ ፎሙን ማንሳት፣ ቆርቆሮውንም ነቅዬ መሸጥ እችላለሁ?

ፎሙን የሚያሟሟ ነገር የለም፤ በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ ነው የሚነሳው፤ ቆርቆሮውን ሳያጎብጡ ማንሳትም ከባድ ነው። ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮውን ነቅሎ መሸጥ ወይም ለአጥር ማዋል ልማዳችን ነው፤ የተረጨበት ቆርቆሮ ግን ገዢ አያገኝም። ተከራይ ከሆኑ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ አያስረጩ።

ቆርቆሮውን በጥቂት ዓመት ውስጥ መቀየር የሚያስቡ ከሆነ ቆርቆሮው ላይ አያስረጩ። ከሞራሌው ሥር ስስ ኮምፔንሳቶ ይምቱና በእሱ ላይ ይረጭ። የዝናቡ ድምፅ እንደ ቀጥታው አይቀንስም፤ ቆርቆሮው ግን ነፃ ሆኖ ይቆያል፣ ፍሳሽም ከተነሳ ከላይ አንዱን ቅጠል ብቻ ገልጦ መጠገን ይቻላል።